በአውጫጭኙ ላይ ያወጣሁት ወረቀት

መጠርጠር እወዳለሁ። እንደ ነውር አትቁጠሩብኝ፤ በየወረዳው ሲዞር የኖረ የፕሮጀክት ሠራተኛ ካልጠረጠረ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። ሪፖርት ላይ «ተተክሏል» የተባለውን ችግኝ ሄዳችሁ ብታዩት ጉድጓዱ እንኳን ላይኖር ይችላል። «ጠርጥር፤ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር» ሲባል የሚስቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ገንፎዬን አገላብጬ ካላየሁ የማልጎርስ ሰው ነኝ። ይህን የምነግራችሁ በኋላ እንዳትታዘቡኝ ነው። የዛሬው ታሪክ ጥርጣሬዬ ልክ ሆኖ የተገኘበት፣ እኔ ግን ያፈርሁበት የአንድ ቀን ታሪክ ነው። የሰዎቹን ስም ቀይሬአለሁ። ዋናው ባለታሪክ «ጻፈው፤ እንዳታሳምረው ግን» ብሎ ፈቅዶልኛል።

ያን ጊዜ በጣና ዳር የሚሠሩ የናፍጣ ፓምፖችን በፀሐይ ኃይል በሚሠሩ የሚተካ አንድ ፕሮጀክት ውስጥ የማኅበረሰብ ጉዳይ ባለሙያ ነበርሁ። ሥራዬ ባጭሩ ሁለት ነገር ነው፦ ገበሬው እንዲስማማ ማድረግና መስማማቱን በወረቀት ማሳየት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ይፈለግ እንደነበር እያወቅሁ እንዳላወቅሁ ሆኜ ነው የኖርሁት።

ቀበሌው ዘንዘልማን አልፎ ወደ ሐይቁ በሚታጠፍ ጥርጊያ መንገድ ላይ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታሉ። ውኃውን ከሐይቁ እየሳበ ማሳ ለማሳ የሚያደርሰው የአንድ ሰው ሞተር ነበር፤ የደሳለው። ሁለት በሬ ሸጦ በገዛት አንዲት የናፍጣ ፓምፕ ጀምሮ ሦስት አድርሷል። የራሱንም የሌላውንም ይጠግናል። ሞተር እምቢ ሲል ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ለጥፎ ያዳምጥና «ይቺ አየር ስባለች» ወይም «ይቺ ውኃ የገባበት ናፍጣ ጠጥታለች» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜም አይሳሳትም። አራት ሰዎች ቱቦ እየጎተቱለት ይኖሩ ነበር፤ ሦስት ሴቶች ደግሞ በአህያ ከዘንዘልማ ናፍጣ ያመላልሱለታል።

የእኛ ፕሮጀክት ሲመጣ አንድ ሁኔታ ይዞ መጣ። የፀሐዩ ፓምፕ በተተከለበት የሐይቅ ዳርቻ የናፍጣ ሞተር እንዲሠራ አይፈቀድም። ዘይቱ ሐይቁን ይበክላል፣ ጭሱ አየሩን ያበላሻል። ይህ እውነት ነው፤ ዛሬም አልክደውም። ገበሬውም ተደሰተ፣ የፀሐይ ውኃ ናፍጣ አይጠይቅማ።

ምረቃው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በሚካኤል ዕለት ጠዋት፣ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ የፓምፑ ዘበኛ ደወለልኝ።

«ጌታየ፣ ሣጥኑ የለም።»

«የቱ ሣጥን?»

«ያ ግድግዳው ላይ ያለው። አረንጓዴ መብራት የሚበራበት።»

መቆጣጠሪያው ነው። ፀሐይ የሚስቡት መስታወቶች ሁሉ ቢኖሩ ያለ እሱ ፓምፑ አንዲት ጠብታ አይስብም። ባሕር ዳር ውስጥ የሚገዛ ዕቃም አይደለም። ከአዲስ አበባም ከውጭም እንግዶች ተጠርተዋል። የእኔ ኮንትራት ደግሞ በዚያው ወር ያበቃል፤ መታደሱ በዚህ ምረቃ ላይ ተንጠልጥሏል።

ደሳለው ነው አልሁ። ገና ከአልጋ ሳልወርድ፣ ምንም ሳላይ።

ኃላፊዬ ስልኩን እንዳነሣ ነገርሁት። «የምትጠረጥረው ሰው አለ?» አለኝ።

«አለ። የናፍጣው ሞተር ባለቤት። ደሳለው ይባላል።»

«እስከ አስር ሰዓት ካልተገኘ ፖሊስ ይዤ እመጣለሁ። ሰውየው ከቀበሌው እንዳይወጣ አድርግ።»

በፕሮጀክቱ ሞተር ሳይክል ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ሣጥኑ የተነቀለበትን ግድግዳ ነው። አራቱ ብሎኖች ሲሚንቶው ላይ በመስመር ተደርድረዋል። የሽቦዎቹ ጫፎች አንድ በአንድ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልለዋል። መንገደኛ ሌባ ሽቦ ይቆርጣል፣ ግድግዳ ይገነጥላል። ይህ ግን የባለሙያ እጅ ነው። ጥርጣሬዬ ከዚያ ወዲያ ጥርጣሬ መሆኑ ቀረ። እዚያው ቆሜ ለኃላፊዬ ደግሜ ደወልሁና «ደሳለው ነው» አልሁት። ዘበኛውን ስጠይቀው ዓይኑን ወደ ሐይቁ መለሰ፤ እሱንም ጠረጠርሁት።

ደሳለውን ፈልጌ ወደ ቤቱ ልሄድ ስል ቄስ ይርጋ መንገድ ላይ ያዙኝ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ አገሩ ሁሉ የሚሰማቸው የነፍስ አባት ናቸው።

«የትም አትሂድ፣ ልጀ። አውጫጭኝ ተጠርቷል።»

ስለ አውጫጭኝ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ተቀምጬበት ግን አላውቅም። ለማያውቀው ልንገር። በአንድ አገር ዕቃ ሲጠፋ ወይም ሰው ሲጎዳና አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር፣ የቦታው ሰው በሙሉ ይሰበሰባል። ሁሉም ይምላል፤ ያየውን፣ የሰማውን፣ የጠረጠረውን ይናገራል። ነገሩ እስኪወጣ ማንም ከቦታው አይነሣም። የቀረ ሰው ካለ፣ መቅረቱ ራሱ ያስጠረጥረዋል።

«አባ፣ ጊዜ የለንም፤ ፖሊስ በአስር ሰዓት ይመጣል» አልኋቸው።

«ፖሊስ ይምጣ፤ መንገዱ የመንግሥት ነው። እስከዚያ ግን ነገሩ የእኛ ነው።»

«እንግዲያው ከጠያቂዎቹ ጋር እቀመጣለሁ።»

ቄሱ በትዕግሥት አዩኝ። «አይሆንም። ይህን መሬት የረገጠ ሁሉ ከተጠያቂው ጋር ነው የሚቀመጥ። አንተም ረግጠኸዋል።»

ሦስት ሰዓት ላይ በትልቁ ሾላ ሥር መቶ የሚጠጋ ሰው ተቀምጧል። የእጅ ስልክ ሁሉ በአንድ ሰፌድ ላይ ተሰብስቦ ቄሱ እግር ሥር ተቀመጠ፤ የእኔም ጭምር። ሰዉ ተጠጋግቶ ሞልቶት ስለነበር የቀረችልኝ ቦታ ከደሳለው አጠገብ ነበረች። ሆን ብለው እንደሆነ ጠረጠርሁ። «እንደምን አደርህ» አለኝ። «ደኅና» አልሁትና ጥፍሮቹን አየሁ። ጥቁር ናቸው። የሞተር ሠራተኛ ጥፍር መቼ ነው ጥቁር ያልሆነው?

ቄስ ይርጋ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ።

«ያየሁትን፣ የሰማሁትን፣ ያደረግሁትን ብደብቅ ዘሬ ይነቀል፣ ቤቴ ይፈታ በሉ።»

ሰዉ አንድ በአንድ እየተነሣ ማለ። ተራዬ ሲደርስ እኔም ተነሥቼ ማልሁ። ጠያቂ ነኝ ብሎ እንደሚያስብ ሰው፣ ቀለል አድርጌ።

ከዚያ የጥርጣሬው ዙር ጀመረ። እኔ ሁሉም ወደ ደሳለው ይጠቁማል ብዬ ነበር። አንዱ ገበሬ ዘበኛውን ጠረጠረ። ሌላው የጎረቤት ቀበሌን ጠረጠረ፤ የእነሱ ሽንኩርት ውኃ ጠምቶታልና። ቀጥሎ አንድ ቀጭን ሰው ተነሣና ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ የምጠረጥር ከተማውን ነው። ይሄ ሰው ሰኞ ዕለት ሣጥኑን ፎቶ ሲያነሣ አይቻለሁ። ራሳቸው ወስደው ‹ሰረቃችሁ› ብለው መስታወቱን ለሌላ ሊሰጡብን ነው።»

«ለሪፖርት ነው ያነሣሁት!» አልሁ።

«ሪፖርቱ ምን ይላል?» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ግን የወዳጅ ሳቅ አልነበረም፤ ለካ እኔ እነሱን ስጠረጥር እነሱም እኔን ሲጠረጥሩኝ ከርመዋል።

ዙሩ ሲያልቅ ቄስ ይርጋን ጨምሮ ሦስት ሽማግሌዎች ራቅ ብለው ተቀመጡ። በሰው ፊት ለመናገር የሚፈራ ሁሉ እየሄደ በጆሯቸው ይነግራል። ያን ምሥጢር ነጋሪ «ወፍ» ይሉታል፤ ማን እንደነገረ አይወጣም። ሰው ሁሉ በየተራው ይሄዳል፣ የሚለው ባይኖረውም እንኳ፤ ተናጋሪው እንዳይለይ ነው። እኔም ሄድሁ። ብሎኖቹንም ፕላስተሩንም ለቄስ ይርጋ ነግሬ የደሳለውን ስም ጠራሁ።

«አይተሃል ወይስ ጠርጥረሃል?»

«ጠርጥሬ ነው። ግን ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?»

«ጥርጣሬህን ሰምተናል። ሂድ ተቀመጥ።»

ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። ጥላው እየዞረ እኛም አብረን ተንፏቀቅን። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ቆሟል። ሰዓቴን በየአምስት ደቂቃው አያለሁ። ደሳለው ሣር እየነጨ ቆየና ድንገት ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ።

«ሣጥኑ ባይገኝ ምን ይሆናል?»

«ሰው ይታሰራል።»

«ማን?»

«የወሰደው።»

«የወሰደው ባይታወቅስ?»

«የተጠረጠረው ይታሰራል።»

ፈገግ አለ። «የእኔን ስም በስልክ ስትናገር ዘበኛው ሰምቶሃል አሉ። ድምፅ ከፍ አድርገህ ነው የምታወራ።»

ፊቴ ጋለ። ለኃላፊዬ ደግሜ የደወልሁት ፓምፑ አጠገብ ቆሜ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ቄስ ይርጋ ተመልሰው መሐል ቆሙ።

«ብዙ አፍ አንድ ሰው ጠርቷል። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ እሱ ራሱ ያውቃል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለከተማው እንግዳችን።» ወደ እኔ ዞሩ። «የፀሐዩ ሞተር ሲመጣ የናፍጣው እንደሚነሣ ታውቁ ነበር?»

«እናውቅ ነበር።»

«በናፍጣው ሞተር የሚተዳደሩትን ሰዎች ጠይቃችኋል?»

አሁን ነው ወጥመዱ የተዘረጋው። የዘረጋሁትም እኔው ራሴ ነኝ። እነዚህ ሽማግሌዎች ለደሳለው ሰበብ እየፈለጉለት ነው ብዬ ጠረጠርሁ። «አልተጠየቀም፣ ተበደለ» ብለው ሊያስመልጡት ነው አልሁ በልቤ። በቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ ያን የሚያፈርስ ማስረጃ አለኝ።

«ጠይቀናል እንጂ!» አልሁና ተነሣሁ። «ደሳለው ራሱ ተስማምቶ ፈርሟል። ወረቀቱ ይኸው።»

አውጥቼ ወደ ላይ ያዝሁት። ቄሱ መነጽር የላቸውም። የጤና ኬላዋን ሠራተኛ እናትነሽን ጠሩና «አንብቢልን» አሏት። በኩራት ሰጠኋት።

እናትነሽ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች።

«‹በቀበሌው ሕዝባዊ ውይይት ተካሂዷል። በፕሮጀክቱ ምክንያት ኑሮው የሚጎዳ ወይም ሥራውን የሚያጣ ሰው እንደሌለ ተሳታፊዎች በፊርማቸው አረጋግጠዋል።›»

በቢሮ ጠረጴዛ ላይ እንደማንኛውም ዓረፍተ ነገር የነበረው ነገር፣ እዚያ ሾላ ሥር፣ ስምንት ሰው ሥራ ሊያጣ የተቃረበበት መሬት ላይ ጮክ ተብሎ ሲነበብ እኔም እንደ አዲስ ሰማሁት።

ቱቦ ከሚጎትቱት አንዱ «ማንም?» አለ። «እኔ ማን ነኝ ታዲያ?»

እናትነሽ ገጹን ገለጠች። «ፊርማዬ አለ። የአያ ደሳለውም አለ።» ወደ ፊቱ ገጽ ተመለሰች፣ እንደገና ገለጠች። «ግን ፊርማው የኅዳር ነው። ይሄ ቃል የተጻፈው በየካቲት ነው። ሰው ገና ያልተጻፈ ነገር ላይ እንዴት ይፈርማል?»

ደሳለው ሳይነሣ ተናገረ። «በኅዳር የሰበሰባችሁን መስታወቱን ልጅ በድንጋይ እንዳይመታው ለመንገር ነው። የመጣ ሰው ይፈርም ተባለ፣ ፈረምን። ስለ እኔ ሞተር አንድ ቃል አልወጣም።»

ቄስ ይርጋ ወደ እኔ ቀረቡ። «ይህን ከዚህ ጋር ያጣበቀ ማን ነው?»

«ቢሮው… አሠራር ነው፣ አባ። ሪፖርቱ በሰዓቱ…»

«ቢሮ እጅ የለውም። ጠዋት ምለሃል።»

መቶ ሰው ያየኛል። በየካቲት ያን ወረቀት ያያያዝሁበት ከሰዓት በኋላ ትዝ አለኝ። ሪፖርቱ የሚላክበት የመጨረሻ ቀን ነበር። ተመልሶ ሰው ሰብስቦ «ማን ይጎዳል?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ተጎጂ ከተገኘም ገንዘቡ እስኪፈቀድ ሌላ ወር ይሄዳል። የድሮውን የፊርማ ገጽ አዲሱ ቃል ሥር አድርጌ በስቴፕለር መታሁት። ያን ዕለት ማታ ደኅና አድርጌ ነው የተኛሁት።

«እኔ ነኝ» አልሁ። «እኔ ነኝ ያያያዝሁት።»

ሰዉ ማጉረምረም ሲጀምር ደሳለው ተነሣ። ሱሪውን አራገፈ።

«እንግዲህ እሱ ካለ እኔም ልበል። ሣጥኑን የወሰድሁት እኔ ነኝ።»

ጥርጣሬዬ ልክ ነበር። ለዓመታት ልክ በመሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አፌ መረረኝ።

«ቤቴ ነው ያለው» ብሎ ቀጠለ፤ «ጎታ ውስጥ፣ በነጠላ ጠቅልዬ። አልሰበርሁትም። ልሸጠውም አልወሰድሁት። ይሄ ሰው ከጥቅምት ጀምሮ በደጄ ሲያልፍ ሲያገድም ነው የከረመ። ቤቴ ገብቶ ውኃ ጠጥቷል። ሞተሬ ሲጠፋ እኔ ምን እንደምሆን አንድ ቀን አልጠየቀኝም። ዛሬ ሌባ ስሆን ቄሱም ጠየቁኝ፣ ቢሮውም ጠየቀኝ፣ ፖሊሱም ሊጠይቀኝ እየመጣ ነው። ሰው የሚጠየቀው ሲሰርቅ ነው ማለት ነው?»

ቄስ ይርጋ ግን ተቆጡ።

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች! ሣጥኑ የዚህ እንግዳ ነው እንዴ? በማን ሽንኩርት ላይ ነው የፈረድህ? ይሄ መስታወት ለሌላ ቀበሌ ቢሰጥ የሚጠማው የማን ማሳ ነው?»

ደሳለው አንገቱን ደፋ። «የእናንተው ነው። አጥፍቻለሁ።»

ፍርዱ ረጅም አልነበረም። ሣጥኑን አምጥቶ በእጁ ይተክላል፤ ለሰዉም ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል። ሁለት ሰዎች አብረውት ሄደው ሣጥኑን ይዘው መጡ። ከዚያ ደሳለው ከማሳው ጠርዝ አንድ ድንጋይ አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገና በሰዉ ፊት ጎንበስ አለ። «ይቅር ለእግዚአብሔር።» ሰዉ በአንድ ድምፅ «ይቅር ይበልህ» አለ። ድንጋዩን አወረደ።

አለቀ ብዬ ቦርሳዬን ላነሣ ስል ቄስ ይርጋ አልተንቀሳቀሱም። እኔን ያያሉ። ሰዉም አልተነሣም።

«ማሳው ላይ ድንጋይ ሞልቷል» አሉ ቀስ ብለው። «ግድ አይደለም፤ እንግዳ ነህ።»

ግድ ቢሉኝ ኖሮ ምናልባት እምቢ እል ነበር። ሄድሁ። የቢሮ ሸሚዝ ለብሼ፣ መታወቂያዬ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ድንጋይ አንሥቼ ተሸከምሁ። ያሰብሁት በሰዉ ፊት ጎንበስ ብዬ ቶሎ ለማውረድ ነበር። ቄሱ ግን በእጃቸው ወደ ደሳለው አመለከቱኝ።

ፊቱ ቆምሁ። «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ደሳለው።»

ቶሎ «ይቅር ይበልህ» ይላል ብዬ ነበር፤ አላለም። ትከሻዬ መቃጠል ጀመረ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እየቀጣኝ ነው ብዬ ጠረጠርሁ፤ ደግሞም እስኪ ይቅጣኝ አልሁ። አፍሬ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈርሁበት ጊዜ የለም።

«የእኔ ብቻ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ናፍጣ የሚያመጡት አሉ። ቱቦ የሚጎትቱት አሉ። እነሱንም ትጽፋለህ?»

«እጽፋለሁ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

«እንግዲያው አውርድ። እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ።»

አወረድሁና እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ፣ እናትነሽ ከጤና ኬላው ባመጣችልኝ ወረቀት ላይ ጻፍሁ። ስምንት ስም ሆነ፤ አራት ቱቦ ጎታቾች፣ ሦስት ናፍጣ አመላላሾች፣ ደሳለው። እያንዳንዱ ምን እንደሚያጣና ምን መሥራት እንደሚችል ራሱ እየነገረኝ ጻፍሁ። አንዷ ናፍጣ አመላላሽ ሁለቴ አስነብባኝ ነው የፈረመች። ደሳለው የፈረመው ሽቦውን አገናኝቶ አረንጓዴዋ መብራት ከበራች በኋላ ነው። ያን ሥራ ማንም አላስተማረውም። ሲተክሉት ቆሞ አይቶ ነበር፤ ይኸው ነው።

ኃላፊዬ አስር ሰዓት ሲሆን ከሁለት ፖሊሶች ጋር ደረሰ። ፓምፑ ውኃ ይስባል፣ ሰዉ እየተበተነ ነው። ግራ ገባውና ወደ ጎን ወሰደኝ።

«ማን ነው የወሰደው?»

«ነገሩ በሽማግሌ አልቋል።»

«ስም ነው የጠየቅሁህ። ጠዋት ነግረኸኝ ነበር እኮ፤ ያ የሞተሩ ሰውዬ አይደለም?»

ፖሊሶቹ ቆመው ያዩኛል። ደሳለው ከእኛ ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ ቱቦ ይጠቀልላል። አንድ ቃል ከአፌ ቢወጣ ዕለቱን መኪናው ላይ ይወጣል።

«ተሳስቼ ነበር» አልሁ። ልክ ሆኜ ሳለሁ ተሳስቻለሁ ብዬ የዋሸሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያም ስምንቱ ስም ያለበትን ወረቀት ሰጠሁት። አነበበና አጥፎ መለሰልኝ።

«ይሄ ከምረቃው በኋላ ይደርሳል» አለ።

«የየካቲቱ ወረቀት የተላከበት ሁሉ ይሄም ይላካል» አልሁት። በማግሥቱ ላክሁት። ፊርማውን እንዴት እንዳያያዝሁም አንድ አንቀጽ ጨመርሁበት። ምረቃው በቀኑ ተደረገ፣ ጭብጨባ ነበር። የእኔ ኮንትራት አልታደሰም።

ወዳጆቼ፣ ከዚህ በኋላ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ ብጽፍ ደሳለው «አሳመርኸው» ይለኛል። ደሳለው ሥልጠና አግኝቶ አሁን በዚያ ዳርቻ ያሉትን የፀሐይ ፓምፖች ይጠግናል። ከቱቦ ጎታቾቹ ሁለቱ አብረውት ይሠራሉ። ሌሎቹ ሁለቱ ባሕር ዳር የቀን ሥራ ገብተዋል። ናፍጣ የሚያመላልሱት ሴቶች ግን ምንም አላገኙም፤ «ይታያል» እንደተባለላቸው ነው። አንዷ አህያዋን ሸጣለች። እኔና ደሳለው ጓደኛሞች አይደለንም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ እንሰጣጣለን፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እናወራለን።

እኔ ያን ቀን የተማርሁት «ሰው አትጠርጥር» የሚል ትምህርት አይደለም። ዛሬም እጠረጥራለሁ። ግን ጥርጣሬዬ ለዓመታት አንድ አቅጣጫ ብቻ ያይ ነበር፤ ወደ ታች፣ ወደ ገበሬው፣ ወደ ዘበኛው፣ ጥፍሩ ወደ ጠቆረው ሰው። ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንድ ቀን ጠርጥሬው አላውቅም። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል፤ እኔም ሌላውን ሁሉ ያላመንሁት ለዚህ ይሆናል። ሐይቁ ከዘይት ይጽዳ፤ ነፍሴ ትወደዋለች ሐይቁን። ግን የጽዳቱን ዋጋ ደሳለውና ሦስቱ ሴቶች ብቻ ከፍለውት እኛ ሪባን የምንቆርጥ ከሆነ፣ ንጹሕ ያልነው ነገር ንጹሕ አይደለም። እናንተም በየቢሯችሁ «የሚጎዳ የለም» የሚል ወረቀት ከእጃችሁ ቢገባ ፊርማውንና ቀኑን አስተያዩት።

ግማሽ ዓመት ሥራ ፈትቼ ከቆየሁ በኋላ ሌላ ድርጅት ቀጠረኝ። ባለፈው ዓመት ወደ ደቅ ደሴት ላኩኝ፤ የናፍጣ ወፍጮውን በፀሐይ ወፍጮ ለመተካት ነው። አሁንማ አውቄአለሁ ብዬ መጀመሪያ ሰዉን ሰበሰብሁ። «ወፍጮው ሲቀየር የሚጎዳ አለ?» አልሁ። «የለም» አሉኝ። በማግሥቱም ጠየቅሁ፤ «የለም፣ የለም፣ ፀሐዩ ይምጣልን»። በሦስተኛው ቀን ቤት ለቤት ስዞር አንዲት አሮጊት፣ ልጃቸው ወፍጮው ላይ የሚሠራ፣ ደጃቸው ላይ የምቀመጥበት ዱካ አወጡልኝ።

«ምነው ደጋግመህ ጠየቅኸን?» አሉኝ።

«እውነቱን ማወቅ ስለምፈልግ ነው፣ እማማ።»

«ልጀ፣ እኔ ልጠይቅህ። ‹እጎዳለሁ› ያለውን ነው ከሚረዱት ሰዎች ዝርዝር የምታወጡት፣ ወይስ ዝም ያለውን?»

መልስ ይጠብቃሉ። ልዋሽ አልፈለግሁም። «እስካሁን ዝም ያለውን ነበር» አልኋቸው። «የተናገረውን ምን እንደሚያደርጉት እኔም ገና አላውቅም።»

ዱካቸውን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉ።

«እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ያን እስክርቢቶ ኪስህ ክተተው።»

ከተትሁት።